ሲልየ «ይበላል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር

ይህ ነገር የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ኦስሎ ውስጥ ሃውገንስቱዋ በሚባለው ሰፈር ስኖር ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ግን አልለቀቀኝም። ነገሩ ስለ አንድ ትንሽ የቤት እንስሳ ነው። «ለዚህ ነው እንዴ ወረቀት የሚባክነው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ፤ እኔም ያኔ ብዬዋለሁ። ወደ ሱዳን በእግሬ ተሰድጃለሁ፣ ካምፕ ኖሬያለሁ፣ ከሰውም ተጣልቼ አውቃለሁ። አንገቴን የሚያስደፋኝ ግን ያ ሁሉ አይደለም፤ ይሄ ነው።

ጎረቤቴ ቶሪል የምትባል ኖርዌጂያዊት ነበረች። ልጇን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። የእኔና የእሷ በር ፊት ለፊት ነው። ገና ሰፈሩ ስገባ ከኮሙነው፣ ማለት ከማዘጋጃ ቤቱ፣ የሚመጣልኝን ደብዳቤ ሁሉ የምታነብልኝ እሷ ነበረች። አንድ ቀን ተራ ሳልይዝ ልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ገብቼ አንዲት አሮጊት ስትጮህብኝ ወርዳ የገላገለችኝም እሷው ነች።

ልጇ ሲልየ አስር ዓመቷ ነበር። የትምህርት ቤት መጽሐፏን ይዛ ትመጣና አጠገቤ ቁጭ ብላ ታስነብበኛለች። ስሳሳት አትስቅም። ጣቷን ቃሉ ላይ ታደርግና «እንደገና» ትላለች፣ ልክ እንደ የኔታ። ደረጀ ማለት ስለከበዳት ዴሪ ነበር የምትለኝ። በዚያን ጊዜ በሬን አንኳኩቶ የሚገባ ሰው እሷና ጓደኛዬ ሽፈራው ብቻ ነበሩ።

ሲልየ ማርስቪን ነበራት። ላላየ ሰው ልንገር፦ ጅራት የሌለው፣ ድፍን ያለ፣ ጆሮው የተጠቀለለ፣ ሳርና ካሮት የሚበላ፣ ምግብ ሲሸተው የሚያፏጭ ፍጥረት ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ አይጥ ነው የሚመስለው። ስሙ ፕሪክ ይባላል፤ በእነሱ ቋንቋ ነጥብ ማለት ነው። ቡናማ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ ነበረው። ሲልየ ሹራቧ ውስጥ ከትታው አንገቱን ብቅ አድርጎ ነበር የሚውለው።

የፈረንጆቹ ሐምሌ ሲገባ የዚያ አገር ሰው ከተማውን ጥሎ ይወጣል። ፋብሪካው ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ሐኪሙም ይሄዳል። ቶሪልና ሲልየም ለሦስት ሳምንት ወደ ሂተ ሊሄዱ ሆነ። ሂተ የሚሉት ባሕር ዳር ወይ ጫካ ውስጥ የምትሠራ የእረፍት ጎጆ ነው። የእነሱ መብራትም ስልክም አልነበራትም። ፕሪክ ደግሞ መኪና አይስማማውም። ስለዚህ ሲልየ የሽቦ ቤቱን ተሸክማ በሬ ላይ ቆመች።

«አደራ» የሚለው ቃል በእነሱ ቋንቋ መኖሩን እንጃ። የልጅቷ ዓይን ግን የሚለው እሱኑ ነበር። ምን እንደሚበላ፣ ውሃው መቼ እንደሚቀየር አንድ በአንድ አሳየችኝ። በመጨረሻ «ዴሪ፣ ዋናው መብላቱ ነው። በየቀኑ መብላቱን እይ» አለችኝ። «ያ፣ ያ» አልኳት፣ አዎ አዎ ማለቴ ነው። ለልጅ አዎ ማለት ምን ይከብዳል? ረቡዕና እሑድ ሂተው አጠገብ ካለ ሱቅ በሳንቲም ስልክ እንደምትደውልልኝ ነግራኝ ሄደች።

የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። እኔ የምሠራው የቢሮ ጽዳት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ቤቴ እገባለሁ። የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት በሰማ ቁጥር ያፏጫል። ካሮት ስሰጠው በሁለት እጁ ይዞ፣ ሽርክት ሽርክት እያደረገ ይጨርሳታል። ሳላስበው በአማርኛ አወራው ጀመር። «እንዴት ዋልክ? ማን መጣ?» እለዋለሁ። ሽፈራው መጥቶ ሲያየን በሳቅ ሊሞት ደረሰ።

«አንተ ሰውዬ፣ አገርህ ወጥመድ የምታጠምድለትን እዚህ ሰላጣ ታቀርብለታለህ?» አለኝ።

«የሰው አደራ ነው፤ ዝም በል» አልኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ካሮቷን ተቀበለኝና መልሶ ጣላት። እንደገና አነሳት፤ አሁንም ጣላት። አገጩን ሳየው ርጥብ ነው። ውሃ ሲጠጣ የነካው መስሎኝ ተውኩት። ማክሰኞም እንደዚያው። ምግቡ ጋ ይሄዳል፣ ያሸተዋል፣ ይነክሰዋል፣ ይተወዋል። ለሽፈራው ብነግረው «የሐዋርያት ጾም ይዞ ይሆናል፤ ተወው፣ ሊፈታ ሦስት ቀን ነው የቀረው» አለኝ። አብሬው ሳቅኩ። እስካሁን ያች ሳቅ ትቆጨኛለች።

ረቡዕ ስልክ ተደወለ። የሳንቲሙ ድምፅ ኳ ሲል ሲልየ መሆኗን አወቅኩ።

«ዴሪ! ይበላል?» አለች። ሰላምታም የለ፣ ምንም የለ።

«ያ፣ ያ! ይበላል! ደህና ነው፣ በጣም ደህና ነው» አልኳት።

ለምን እንደዚያ አልኩ? ብዙ አስቤበታለሁ። ውሸታም ሆኜ አይደለም፤ ቢያንስ ያኔ ውሸታም ነኝ ብዬ አላሰብኩም። እኛ ያደግነው እንደዚያ ነዋ። ሰው ደህና ናችሁ ሲልህ፣ እቤት በሽተኛ ተኝቶም ቢሆን መጀመሪያ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለህ። ደግሞስ ሩቅ ላለ ሰው፣ ያውም በስልክ፣ ክፉ ነገር ይነገራል እንዴ? ምን እንድታደርግ? እዚያ ቁጭ ብላ እንድታለቅስ? «ይበላል?» ያለችኝን እንደ ሰላምታ ነው የሰማሁት፤ እንደ ሰላምታም መለስኩላት። እሷም ደስ ብሏት ያጠመደችውን ዓሣ ነገረችኝ። እኔም ጎበዝ አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ፕሪክ ጥጉ ላይ ኩርምት ብሎ ያየኛል።

ሐሙስ ሐኪም ቤት መውሰድ እንዳለብኝ ገባኝ። ግን ሐሙስ አልወሰድኩትም፤ ዓርብ ነው የወሰድኩት። አንዷን ቀን የበላብኝ እፍረት ነው። አይጥ የመሰለ ነገር ይዤ ባቡር ልሳፈር? ሐበሻ ቢያየኝስ? ስደተኛው አበደ ሊባል! ዓርብ ከሥራ አስፈቅጄ ወጣሁና የጫማ ካርቶን ጎኑን በቢላ በሳስቼ፣ ፎጣ አንጥፌ አስገባሁት። ካርቶኑን ጃኬቴን አለበስኩትና ሮመን ጣቢያ ወጣሁ።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ባቡሩ ውስጥ ገና ከመቀመጤ እማማ ጥሩነሽ ገቡ። ቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቅ ትልቅ ሴት ናቸው። ከስቶቭነር ገበያ አዳራሽ እየመጡ ነበር፤ አጠገቤ ዘፍ አሉ።

«ደረጀ ልጄ፣ ምን ይዘህ ነው እንደ ታቦት የታቀፍከው?» አሉኝ።

«ጫማ ነው እማማ። ጠቦኝ ልመልሰው ነው።»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ጫማው አፏጨ። እማማ ጥሩነሽ ካርቶኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አማተቡ። ቀጥሎ ባለው ጣቢያ ወረዱ። ይወርዱ የነበረው እዚያ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ እሞት ነበር። የዚያን ቀን ግን የሰማሁት የፉጨቱን መድከም ነው።

ሐኪም ቤቱን ስሙን አልጠራም። ግድግዳው ላይ የውሻና የፈረስ ፎቶ ተሰቅሏል። እኔን ከሚያህል ውሻ ጋር የመጣች ሴትዮ ውስጥ ገብታ ሃያ ደቂቃ ቆየች፤ ሐኪሙ በር ድረስ ሸኛት፣ ውሻውንም አሻሸው። የእኔ ተራ ደረሰና የጎረቤቴ ልጅ እንስሳ ነው ብዬ ካርቶኑን ስከፍት ሐኪሙ ፈገግ አለ። ክፉ ሰው አይመስልም። የቸኮለ ሰው ነው የሚመስለው።

ፕሪክን አንስቶ ሆዱን ነካ ነካ አደረገው። ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ የፊት ጥርሱን አየ። «ጥርሱ ደህና ነው» አለ። ሙቀቱ ነው፣ ሆዱ ሰነፍ ሆኗል አለኝ። ከዚያ «ይበላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ፕሪክ ከሰኞ ጀምሮ ይህ ነው የሚባል ነገር አልቀመሰም። ባቡር ውስጥ ስመጣ ዓረፍተ ነገሩን በኖርዌጂያንኛ ስለማመድ ነበር፦ ምግቡን ያነሳል፣ ይጥላል፣ አገጩ ርጥብ ነው። ሐኪሙ ፊት ስቆም ግን «አራት ቀን አልበላም» ብል፣ እስከዛሬ የት ነበርክ የሚለኝ መሰለኝ። የሰው እንስሳ የሚያስርብ ጥቁር ሰውዬ የሚለኝ መሰለኝ።

«ትንሽ ትንሽ» አልኩት።

«እንግዲያው መልካም ነው» አለ።

የአገጩን ርጥበት ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶ እየጻፈ ነው። ሐኪምን ሥራው ላይ ማቋረጥ ነውር ነው፤ ሐኪሙ አይቶታል፣ ቢያስፈልግ ይናገር ነበር ብዬ ዋጥኩት። ነጭ ፈሳሽ መድኃኒትና መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ሰጠኝ። በቀን ሦስት ጊዜ በአፉ እንድጨምርለት ነገረኝ። ስወጣ ትከሻዬን መታ አደረገና «ብዙ አትጨነቅ፤ ባይሆን ለልጅቷ ሌላ ትገዛላታለህ። እነዚህ ዕድሜያቸው አጭር ነው» አለኝ። የቆየሁት ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። እኔም፣ አያችሁልኝ፣ እጅ ነስቼ አመስግኜው ወጣሁ።

ቅዳሜ መድኃኒቱን በአፉ ሳደርግለት ፊቱን ያዞራል። ነጩ ነገር በአገጩ ይፈሳል። ሳነሳው ቀሎኛል፤ ከጠጉሩ ሥር አጥንቱ ይነካኛል። ካሮት ፈቀፈቅሁለት፣ አደቀቅሁለት፣ ውሃ አደረግሁለት። ወደ እጄ ይመጣል፤ ያሸተዋል። መብላት ይፈልግ ነበር! አለመፈለግማ ቀላል ነበር። እየራበው ነው የማይበላው። ይሄንን እያየሁ ነው እሑድ የገባው።

እሑድ ኳ አለ ስልኩ።

«ዴሪ! ይበላል?»

የዚያን ቀን ሰላምታ አልመሰለኝም። ጥያቄ መሆኑን አውቄያለሁ። «ሐኪም ቤት ወስጄዋለሁ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን እሱን ካልኩ የረቡዑን ውሸቴን ታውቀዋለች። ደግሞ መድኃኒቱ ነገ ይሠራ ይሆናል አልኩ በልቤ። ነገ ሲበላ ውሸቱ ራሱ እውነት ይሆናል።

«ይበላል፣ ይበላል» አልኩ።

የባሕር ወፍ ጩኸት ይሰማኛል። «እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ።

«ያ፣ ያ፣ እርግጠኛ ነኝ» አልኳት። ሳንቲሙ አለቀና ተቋረጠ።

ሰኞ ካርቶኑን ይዤ ያለ ጃኬት፣ ያለ እፍረት ሐኪም ቤቱ ሄድኩ። ማንም ይየኝ! በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ለእረፍት ተዘግቷል ይላል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይከፈታል። ዓርብ ዕለት፣ መድኃኒቱን ሲሰጠኝ፣ ይህን ያውቅ ነበር። ካልተሻለው ወዴት እንደምሄድ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ቤት ገብቼ ከስልክ ማውጫው ላይ ሌሎች ቦታ ደወልኩ። አንዱ ቦታ የተቀዳ ድምፅ ነው የሚመልሰው። ሌላው ቦታ አንዲት ሴት «እኛ የምናየው ውሻና ድመት ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደውልና እንጠይቅልሃለን» አለችኝ። አመሰገንኳት። ማመስገን የማይሰለቸኝ ሰው ነበርኩ።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ የማቀዝቀዣውን በር ከፈትኩ። ፉጨት የለም። ሄጄ ሳየው ዓይኑ ተከፍቷል፤ ይተነፍሳል። ጭኔ ላይ አስቀምጬ በአማርኛ «አይዞህ፣ አይዞህ» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ሞተ። ሠላሳ አራት ዓመት የሆነው ወንድ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሽፈራው መጣ። አይቶኝ አልሳቀም። ከብሎኩ ጀርባ አንድ በርች ዛፍ አለ፤ ሲልየ በጋ በጋ ሳር የምታበላው እዚያ ሥር ነው። እዚያው ቆፍረን በሸሚዜ ጠቅልለን ቀበርነው። ሲልየ በእጇ መቅበር ትፈልግ ይሆን ወይ ብዬ አላሰብኩም። እኛ ሬሳ አናሳድርም፤ ሌላ ወግ አላውቅም ነበር።

«ስማ፣ ሱቅ ሄደን ነጥብ ያለው ፈልገን እንተካው» አለኝ ሽፈራው።

«የልጅ ዓይን አይሸወድም» አልኩት።

«እሺ፣ በስልክ ግን እንዳትነግራት። መርዶ በስልክ አይነገርም።»

እሱን እንኳ እሺ አልኩት። ረቡዕ ስልኩ ጮኸ። አላነሳሁትም። አጠገቡ ተቀምጬ ሲጮህ ሰማሁት። ቆመና እንደገና ጮኸ። ሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። ልጅቷ ሱቁ ደጅ ቆማ ሳንቲሙን መልሳ እየከተተች መሆኗ ይታየኝ ነበር።

ቅዳሜ ይመለሳሉ። እኔ እንግዲህ በማውቀው ወግ ተዘጋጀሁ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ሰው ሳያውቅ አስቀድሞ እንዲበላ ይደረጋል፤ ከሰማ በኋላ እህል አይወርድለትማ። ርኅራኄ ነው ብለን ነው። የሽቦ ቤቱን መኝታ ክፍል ደበቅኩ። ሲልየ የምትወደውን ስስ ፓንኬክ ጋገርኩ፤ እንጆሪ ማርማላታ ገዛሁ። የምናገረውን ከመዝገበ ቃላት እየፈለግኩ ጽፌ ሸመደድኩ።

በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ፀሐይ አክስሏታል። በእጇ የላስቲክ ከረጢት ይዛለች፤ ከሂተው ዙሪያ ለፕሪክ የለቀመችው ቅጠል ነው።

«የት አለ?»

«መጀመሪያ ብሉ። ከመንገድ ነው የመጣችሁት» አልኩ።

ቶሪል አየችኝ። አንድ ነገር የገባት ይመስለኛል። ሲልየ ከረጢቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ቶሎ ጨርሳ እሱን ለማየት እየተጣደፈች አንድ ፓንኬክ በላች፣ ሁለት በላች። አፏ ሙሉ ሆኖ ስለ ባሕሩ ታወራለች። ሦስተኛውን ጨመርኩላት። ስትጨርስ የሸመደድኩትን ነገርኳት። ታሞ ነበር፣ ሐኪም ቤት ወስጄው ነበር፣ ሞቷል።

አልጮኸችም። አፏ ዳር ማርማላታ አለ። «መቼ?» አለች።

«ማክሰኞ።»

ቀኑን ስትቆጥር ፊቷ ላይ አየሁት። ሳህኗን አየች። «እኔ ስበላ ታውቅ ነበር?»

«ያ» አልኳት።

ሳህኗን በአንድ ጣቷ ገፋችው። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ትጠይቀኝ ጀመር። «አገጩ ርጥብ ነበር?» ያ። «ምግቡን ያነሳና ይጥል ነበር?» ያ። ወደ እናቷ ዞረች። «ጥርሱ ነው። እንደ በረዶው ጊዜ።»

ቶሪል ነገረችኝ። የፕሪክ የኋላ ጥርሶች እያደጉ ምላሱን ይይዙታል። ከፊት አይታዩም። ባለፈው የበረዶ ወራትም እንዲሁ ሆኖ፣ ከተማው ማዶ ያለች ትንንሽ እንስሳት የምታክም ሐኪም ዘንድ ወስደውት ነበር። ሴትየዋ አፉን በመሣሪያ ከፍታ ሞረደችለት። የዚያኑ ዕለት ማታ በላ። ዳግመኛ አልመጣበትምና ይመጣል ብለው አላሰቡም። «ልነግርህ ይገባ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ቶሪል። እሷ እንደዚያ ስትል የባሰ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

«ሐኪሙ እኮ ጥርሱ ደህና ነው አለኝ!» አልኩ። ድምፄ ጮክ አለ። «ሦስት ደቂቃ እንኳ አላየውም! ሌላ ግዛ ነው ያለኝ!»

ሲልየ አየችኝ። «እንደማይበላ ለሐኪሙ ነግረኸዋል?»

ዝምታዬን አነበበችው፤ ድሮም ማንበብ ያስተማረችኝ እሷ ነች።

«ስልክ ላይ ጠይቄህ ነበር» አለች። «ሁለቴ ጠየቅኩህ። ይበላል ወይ አልኩህ። ለዚህ ነው የጠየቅኩህ።»

ከዚያ አለቀሰች። እናቷ አቀፈቻት። የተቀበረበትን ጠየቀችኝና አሳየኋት። ቅጠሉን ከከረጢቱ አውጥታ አፈሩ ላይ አደረገችው። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ሂድ አላለችኝም፤ ና ግን አላለችኝም።

ከዚያ በኋላ አልተኳረፍንም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ሃይ ዴሪ» ትለኛለች። ቶሪልም ደብዳቤዬን ታነብልኛለች። ሲልየ ግን መጽሐፏን ይዛ በሬን አላንኳኳችም። መስከረም ሲገባ ትመጣለች ብዬ ጠበቅኩ። በተከታዩ ዓመት ሌላ ሰፈር ቤት አግኝተው ሄዱ። ዕቃቸውን ሲያወርዱ አብሬ አገዝኳቸው፤ የሽቦ ቤቱን ቆሻሻ መጣያው ዘንድ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ያንን ሐኪም ለረጅም ጊዜ ረግሜዋለሁ። ባገኘሁት ሰው ሁሉ ፊት አምቼዋለሁ። «ውሻ ቢሆን ኖሮ!» እላለሁ። ሰዉም «እውነትህን ነው፣ ግድ የለሽ!» ይለኛል። ውሸት አይደለም፤ አፉን ከፍቶ ቢያይ ይድን ነበር። የት እንደምሄድ ቢነግረኝ ይድን ነበር። ግን እሱም ጠይቆኛል። ልጅቷም ጠይቃኛለች። ሁለቱም የጠየቁኝ ያንኑ አንድ ቃል ነው። ለሁለቱም የመለስኩት ደስ እንዲላቸው እንጂ እንዲያውቁ አልነበረም። ሐኪሙን ስረግም ይህችን ክፍል ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ነው የተናገርኳት።

እነ ሲልየ ከሄዱ ዓመት ሳይሞላ፣ አገር ቤት ያለችው እህቴ ጋ ደወልኩ። እናታችን ጥቂት ጊዜ አሟት ነበር።

«እማዬ እንዴት ናት?» አልኩ።

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምንም አትል።»

«ትበላለች?»

«ትበላለች፣ ትበላለች!» አለችኝ እህቴ።

ቶሎ ነው የመለሰችው። ሁለቴ ነው ያለችው። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የእኔው ድምፅ ነው።

«የኔ እህት፣ በእናታችን ይዤሻለሁ» አልኳት። «ሰላምታ አይደለም የጠየቅኩሽ። ትበላለች ወይ?»

ስታለቅስ ሰማኋት። «ከሰሞኑ በዓል ወዲህ እህል አልቀመሰችም» አለችኝ። «አትንገሩት፣ በሰው አገር ምን ያደርጋል ስላሉ ነው።»

በዚያው ሳምንት ተሳፈርኩ። እናቴ አሥራ አንድ ቀን አብራኝ ቆየች። ያወቀችኝ ጊዜ ነበር፣ ያላወቀችኝም ጊዜ ነበር። ሾርባ በማንኪያ አጉርሻታለሁ። እጇን ይዤ ነው የሄደችው።

ሲልየን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ዛሬ ትልቅ ሴት ሆናለች። ባገኛት ይህን የእናቴን ነገር እነግራት ነበር። እውነቱን መጠየቅ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ እላት ነበር። ግን ይቅርታ መጠየቂያ አይሆንም፤ አውቃለሁ። እኔ በመጨረሻ የሚነግረኝ አግኝቼ ለእናቴ ደርሻለሁ። እሷ ግን ሱቁ ደጅ ቆማ ሳንቲም እየከተተች ጠየቀችኝ፤ እኔ ነኝ ለፕሪክ ያላደረስኳት።